ከብሎኑ ሥር ያለው ቀይ ቀለም

አውሮፕላኗ አየር ላይ ነዳጅ ጨርሳ ወደቀች። ስትወድቅ አብራሪው ፊት ያለው ሳጥን ታንኮቹ ግማሽ ናቸው ይል ነበር። ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከሞተሩና ከታንኮቹ ሽቦ የዘረጋሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ለምን እንደዋሸ ማወቅ የኔ ሥራ ነበር። የመንግሥት እርሻችን የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ያረጋል ግን መልሱን ከኔ በፊት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ ነዳጁ ያለቀው አብራሪው ወደ ሱዳን ሊኮበልል ሲል ነው።

ማስረጃው የአውሮፕላኗ አፍንጫ ነው። አብራሪው ካፒቴን ፀሐዩ ከኮኪት ከተማ በታች ሰሊጥ የታጨደበት ሜዳ ላይ እንደምንም ሲያሳርፋት አፍንጫዋ ወደ ምዕራብ ዞሮ ቆመ። ምዕራብ ደግሞ ሱዳን ነው። የዚያን ቀን ነፋሱ ከምዕራብ ይነፍስ እንደነበርና አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ እንደሆነ ለያረጋል ብነግረው፣

"ነፋሱንም አንች ነሽ የመደብሽው?" አለኝ።

ካፒቴኑን ትከሻው እንደተሰበረ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ አስገብተው ዘበኛ አቆሙበት። ከጎንደር መርማሪዎች መጥተው እስኪወስዱት ነው። በዚያ ጊዜ ከድንበር አካባቢ በኩብለላ ተጠርጥሮ የተወሰደ ሰው ሲመለስ አላየሁም።

አውሮፕላኗ ከፋብሪካ የወጣች አይደለችም። እርሻው የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ሁለት አውሮፕላኖች ነበሩት፤ ሁለቱም በየተራ ተከሰከሱ። ከአንዷ ክንፉን፣ ከሌላዋ ሞተሩንና ገላዋን ወስደን ትራክተር ጋራዡ ውስጥ አንድ አድርገን ገጣጠምናት። የጋራዡ አለቃ አያ ገሰሰ ብረቱን በየዱ፣ ካፒቴን ፀሐዩ ልኩን አስተካከለ፣ ኤሌክትሪኩ የኔ ሆነ። የድሮዎቹ መለኪያዎች ተሰባብረው ስለነበር ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ የሠራሁትን ዓይነት ሳጥን ሠራሁላት። ለሞተሩ ሙቀት፣ ለዘይቱ ግፊት፣ ለግራና ለቀኝ ታንክ ለየብቻቸው የትንንሽ መብራት ረድፍ አለው። ነዳጅ ሲቀንስ መብራቶቹ ከላይ ወደ ታች ይጠፋሉ። ከየታንኩ ተንሳፋፊ መለኪያ አንድ ሽቦ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል፤ ሌላው፣ ኔጌቲቩ፣ ክንፉ ሥር በብሎን ከገላዋ ብረት ጋር ይታሰራል። የሽቦው ጫፍ ባዶ ብረት መንካት አለበት። በመሀል አንድ ነገር ከገባ ሳጥኑ ከእውነቱ የበለጠ ነዳጅ ያለ ይመስለዋል። ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ክረምቱን ሙሉ ስንሞክራት ሳጥኑ አልዋሸም።

ጥቅምት ላይ የግሪሳ ወፍ ማሽላው ላይ ሰፈረ። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ። ያረጋል ጋራዥ መጥቶ አውሮፕላኗን አያት፤ ክንፏ ቢጫ፣ ገላዋ ነጭ።

"ይችን ቡራቡሬ ነው ለእንግዳ የማሳየው? ቀይ ትቀባ" አለ።

የቀቧት ትራክተር ቀቢዎቹ ናቸው። ሰነፎች ቢሆኑ ኖሮ ምንም ባልሆነ። ዝገት እንዳይገባ ብለው የትራክተር ብሎን ሳይቀር ይፈታሉ፣ ሥሩን ይቀባሉ፣ ሲደርቅ መልሰው ያስራሉ። እሷንም እንደ ትራክተር አደረጓት። ጧት ስመጣ እንደ በርበሬ ቀልታ ቆማለች።

"ብሎኖቹን ፈትተዋቸዋል። ከመነሳቷ በፊት ሽቦዎቹን ልፈትሽ" አልኩት ያረጋልን።

"እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው። ቀለም ሽቦ ይቆርጣል?"

"አይቆርጥም። ይጋርዳል።"

"ሲሄዱ ትፈትሻለሽ።"

ለእንግዶቹ አንድ ዙር ብቻ እንድትበር ነበር የታቀደው፤ የተቀዳላትም ነዳጅ ለአንድ ዙር የሚበቃ ነው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ያረጋል ጭብጨባው ጣመውና በሬዲዮ "ወደ ጓንግ ወንዝ ዳር ቀጥል፣ ወፎቹን ምታ" አለው። ካፒቴኑ ሳጥኑን አየ፤ ግማሽ ይላል፤ ከበፊቱ የተረፈ ነዳጅ መሰለው። ቀጠለ።

ከታሰረ በኋላ በመጋዘኑ ቆርቆሮ ቀዳዳ አነጋገርኩት። ዘበኛው እንዳላየ ፊቱን አዞረልኝ።

"ስንት ይል ነበር?" አልኩት።

"ሁለቱም ግማሽ። ልኮበልል ብፈልግማ ያንችን ሳጥን አምኜ እሄዳለሁ?"

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅኩም። ትከሻውን በነጠላ አስሮ ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

በማግስቱ ጧት ከአያ ገሰሰ ጋር ወደ ወደቀችበት ሜዳ ሄድን። ባትሪውን አገናኘሁ። በግራም በቀኝም መብራቶቹ እስከ ግማሽ በሩ። አያ ገሰሰ ቀጭን እንጨት ወደ ታንኮቹ ሰድደው አወጡት። ደረቅ ነው።

"አንች ልጅ፣ ሳጥንሽ ጠጥቷል" አሉኝ።

"ይቆዩ አያ።"

የግራውን ክንፍ ብሎን ፈታሁ። ከሽቦው ጫፍ ሥር ያለው ብረት ድፍን ቀይ ነው። በቢላ ፋቅኩት፣ ብረቱ ሲያበራ መልሼ አሰርኩ። የግራው ረድፍ ወዲያው ወረደ፤ ከታች ያለችው የባዶ ታንክ መብራት ብቻ ቀረች። የቀኙ አሁንም ግማሽ ይላል።

አያ ገሰሰ አንዴ መብራቱን፣ አንዴ ቢላዬን አዩ። ወጣትነታቸውን ገላባት ከሱዳኖች ጋር ሲሠሩ ስላሳለፉ ነገር ሲያበቃ በነሱ ቋንቋ ነው የሚዘጉት።

"ኸላስ" አሉ። "አለቀ። ልጁ ነጻ ነው።"

"የቀኙን አልነካውም። መርማሪዎቹ መጥተው እፊታቸው እፍቀዋለሁ።"

"ያረጋል እስከዚያ ዝም የሚልሽ ይመስልሻል?"

አልመሰለኝም። ከሰዓት በኋላ የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ።

አዳራሹ ሞልቷል። ጽሕፈት ቤት የምትተይበው ካሰች አጠገቤ ተቀምጣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ያንች ግለ ሂስ ተተይቦ አልቋል።"

"ምን ይላል?"

"ንቁ ባለመሆኔ ይላል። እኔው ነኝ የተየብኩት፣ አንድ ፊደል አልሳትኩም።"

ያረጋል የውሳኔ ሐሳቡን አነበበ። ካፒቴን ፀሐዩ የሕዝብ ንብረት ይዞ ለመኮብለል ያደረገውንና በነዳጅ እጥረት የከሸፈውን ሙከራ የእርሻው ሠራተኞች አውግዘዋል፣ በሙሉ ድምፅ። ገና ድምፅ አልሰጠንም። "የሚደግፍ እጁን ያውጣ!" አለ። እጅ ሁሉ ወጣ። ሲያወጡ ወደ መድረኩ የሚያይ አልነበረም፤ እኛ እርሻ ላይ እጅ ማውጣት ዝንብ እንደ ማባረር ነው፣ ሳይታሰብ ይደረጋል። በሙሉ ድምፅ ያላለፈ ውሳኔ ኖሮ አያውቅም።

"ጓድ ትርንጎ፣ እጅሽን አሞሻል?" አለኝ።

ሰው ሳቀ።

"ደህና ነው።"

"እንግዲያ አውጭዋ።"

"አላወጣም።"

ሳቁ ቆመ። ያረጋል ወረቀቱን አጠፈ።

"ምክንያትሽን ተናገሪ። በግለ ሂስ መልክ።"

ተነሳሁ። "ግለ ሂሴ ይኸው። ሳጥኑን ሠራሁ። ከተቀባች በኋላ ልፈትሽ ብዬ ተከለከልኩ፤ ክልከላውን መቀበል አልነበረብኝም። ዛሬ ጧት ፈተሽኩ። ከብሎኑ ሥር ቀለም አለ። በሱ ምክንያት ባዶውን ታንክ ግማሽ ብሎ አሳየው። ቀለሙን ያዘዘ፣ ፍተሻውን የከለከለ፣ በሬዲዮ ቀጥል ያለ ሰው ማን እንደሆነ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ካፒቴኑ የትም አልኮበለለም። የታዘዘበት ሄደ።"

"አብዮቱን በቀለም ልትከሽ ነው?"

"ቀለሙን አልከሰስኩም። ቀቢዎቹንም አልከሰስኩም።"

"ምስክር አለሽ?"

"አያ ገሰሰ አይተዋል።"

አያ ገሰሰ እጃቸው እንደወጣ ነበር። ያረጋል ወደሳቸው ዞረ።

"ምን አዩ፣ ጓድ ገሰሰ?"

ሽማግሌው ክንዳቸውን ቀስ አድርገው አወረዱና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"እጄን አውርጃለሁ" አሉ። "ሌላ ምን ልበል።"

ከኋላ ከቀቢዎቹ በኩል የአንዱ እጅ ወረደ፤ ከዚያ የሌላው። ካሰች አላወረደችም። አልፈረድኩባትም፣ ጊዜም አልነበረኝም።

"በድምፅ ብልጫ አልፏል!" አለ ያረጋል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። "አውሮፕላኗ ዛሬውኑ በትራክተር ተጎትታ ትምጣ። ተፈታትታ ትጽዳ።"

ምን እንደሚጸዳ ገባኝ። የቀኙ ብሎን ከተፋቀ በመጋዘኑ ላለው ሰው የሚመሰክርለት ምንም አይተርፍም።

"መርማሪዎቹ ሳያዩዋት አትነካም" አልኩ።

"ማን ሊከለክል?"

"እኔ። ሄጄ ክንፉ ሥር እቀመጣለሁ።"

"ሜዳ ላይ? ብቻሽን?"

"ማን ይምጣልኝ፣ ከዚህ ውስጥ?"

ያረጋል ትቶኝ ወደ አያ ገሰሰ ጮኸ። "ትራክተር አስነሱ!"

"ጎማው ተንፍሷል" አሉ አያ ገሰሰ።

"የቱ ትራክተር?"

"ሁሉም።"

አንድ ሰው አፍኖት የቆየው ሳቅ አመለጠው፤ ከዚያ ግማሹ አዳራሽ ሳቀ። ያረጋል ጠረጴዛውን መታ።

"ተቀመጭ! ስብሰባ ሳይዘጋ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?"

"ምን እንደምባል ከጎንደር ለሚመጡት ንገሯቸው። የት እንዳለሁም አብራችሁ ንገሯቸው።"

የካሰችን ጉልበት ተሻግሬ በወንበሮቹ መሀል ሄድኩ። ማንም አልያዘኝም፣ ማንም አልተከተለኝም። የአዳራሹ በር የተጣመመ ቆርቆሮ ነው፤ በትከሻ ካልገፉት አይገጥምም። ወጣሁና ገፍቼ ዘጋሁት።