የእሜቴ ድርሻ

«አንድም የለም!» አለች ሀሌሉያ።

የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ገና ከጀርባዋ አላወረደችም። ወጥ ቤቱ ጥግ፣ በሽቦ የታጠረው የጥንቸሏ ቦታ ውስጥ ተንበርክካ የመጸዳጃውን ሳጥን ታገላብጣለች። «ጠዋት ክሊን ያደረግኩት እንዳለ ነው። አንድ በጠጥ እንኳን የለም። አባባ፣ ዛሬ ስትበላ አይተሃታል?»

አያቷ አቶ ዳኘው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የፍየልና የጥንቸል ኩስ «በጠጥ» መባሉን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«መቼስ ፍጥረት ነች፤ አንዳንድ ቀን አያሰኛትም» አሉ።

«ጥንቸል እኮ ናት! ጥንቸል መብላት ካቆመች ኢመርጀንሲ ነው። አንጀቷ ከቆመ ጋዝ ይሞላታል። እንደኛ አታገሳም፣ አያስመልሳትም። ስንቴ ነግሬሃለሁ!»

ስንቴ ነግራቸዋለች፤ እውነቷን ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ ጥንቸል ሆድ ይህን ያህል ማወቋ አቶ ዳኘውን ሲያስገርማቸው ነው የኖረው። «አንተ» ማለቷንም ከለመዱት ቆይተዋል። እዚሁ አትላንታ ተወልዳ፣ እዚሁ ታከር ሰፈር ያደገች ልጅ «እርስዎ»ን ከየት ታምጣው?

የጥንቸሏ ስም ሃኒ ነው። አቶ ዳኘው ግን «እሜቴ» ነው የሚሏት፤ እጆቿን ደረቷ ሥር ሰብስባ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ስትቀመጥ ሰው ደጅ የሚጠናት ወይዘሮ ስለምትመስላቸው። ዛሬ ያ ወይዘሮነት የለም። ጥግ ላይ ተኮራምታለች። ዓይኗን አጥብባ ጥርሷን ታፋጫለች። ሀሌሉያ ጆሮዋን ዳሰሰች።

«ቀዝቅዟል። በጣም አሟታል፤ ግን አታሳይም። ጥንቸሎች ሕመማቸውን ይደብቃሉ።»

ስልኳን አውጥታ የእንስሳት ሐኪም ቤት ደወለች። በእንግሊዝኛ እየተጣደፈች አስረዳች፣ አዳመጠች፣ ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ወደ አያቷ ዞረች።

«አባባ፣ ከሳሩ ሌላ የበላችው ነገር አለ ወይ ትላለች ሴትዮዋ። ዳቦ፣ እህል፣ ማንኛውም ደረቅ ነገር። ፕሊስ፣ እውነቱን።»

አቶ ዳኘው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አዩት። ልጅቷ ራሷ በተንጋደደ ፊደል የጻፈችው ነው፤ «ሳር ብቻ!!! አባባ ፕሊስ» ይላል። ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ደግሞ ልጃቸው ፊልጶስ ቅዳሜ ዕለት ከሱአድ የሐበሻ ሱቅ ያመጣላቸው የሽምብራ ቆሎ አለ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ እፍኝ ሙሉ ለእሜቴ አቅርበውላት ነበር። በልታላቸውም ነበር፣ ምን ያደርጋል!

ሠላሳ አንድ ዓመት ናዝሬት በአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሲሠሩ አንዲት ጠመኔ ያልጎደለችባቸው ሰው ናቸው። ሲዋሹ ያያቸው የለም። ግን ባለፈው ወር ድስት ምድጃ ላይ ረስተው ቤቱ በጭስ ሲታፈን፣ ምራታቸው ፋናዬ ለልጃቸው ለፊልጶስ «ብቻቸውን መዋላቸው እኮ ያስፈራኛል፤ የሽማግሌዎች መዋያ እንጠይቅላቸው» ስትለው በጆሯቸው ሰምተዋል። አሁን ደግሞ ጥንቸሏን አሳመሙ ሊባል ነው። ጃጁ ሊባል ነው።

«ምንም» አሉ። «ሳሯን ብቻ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ልጅቷ ቃሉን ተቀብላ ለሴትዮዋ አስተላለፈች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ትንሽ ፈታ ብሏል።

«ተመስገን! ደረቅ እህል ብትበላ ኖሮ አሁኑኑ አምጧት ይሉን ነበር፤ አንጀቷን ሊደፍነው ይችላል። ሳር ብቻ ከሆነ ግን ጋዝ ነው አለችኝ። ጠብታውን ሰጥተን፣ ሆዷን አሽተን ሁለት ሰዓት እንጠብቅ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረባቸው።  ጋዝ ነው ብላለች፣ ሐኪም ያለው ይሻላል፣ ይለቃታል አሉ በልባቸው። ሰው ሲፈራ ራሱን የሚያታልልበት ነገር አያጣም።

ሀሌሉያ ከመሳቢያ የሕፃናት የጋዝ መድኃኒት አወጣች። በተነገራት ልክ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቀድታ በእሜቴ ከንፈር ጥግ በኩል ቀስ ብላ ጨመረችላት። ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልታ በፎጣ ጠቀለለችና ጎኗ አኖረችው።

«አባባ፣ ያዝልኝ፤ እኔ ሆዷን ልሻት።»

አቶ ዳኘው ፎጣ ጭናቸው ላይ ዘርግተው እሜቴን ተቀበሉ። ልጅቷ በጣቶቿ ጫፍ ከጎድኗ ሥር ወደ ኋላ፣ ከጎድኗ ሥር ወደ ኋላ ታሻለች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ልቧ መዳፋቸው ውስጥ ትርትር ይላል። ኪሳቸው ውስጥ ያለው ቆሎ፣ ቀላሉ ነገር፣ ጎናቸውን የሚጎትታቸው መሰላቸው።

ለምን ሰጧት? ክፋት አይደለም። ከባለቤታቸው ከሸዋነሽ ጋር አርባ አራት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተዋል። ናዝሬት ሳሉ ምሳ ሰዓት ሲደርስ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ በኪሳቸው አድርገው ቤት ይመጡ ነበር፤ እሷም ቢርባት ሳትቀምስ ትጠብቃቸው ነበር። ሸዋነሽ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እዚህ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ወዲህ ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ባዶ ነው። ፊልጶስ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራል። ፋናዬ አዛውንት የሚጦሩበት ቤት አስታማሚ ናት፤ ስትወጣ የአማቷን ምሳ በዕቃ አድርጋ «አባባ፣ 2 ደቂቃ ያሙቁት» የሚል ወረቀት ለጥፋበት ነው። ልጅቷ ስትመለስ ትምህርት ቤት በልታ ነው፤ ወደ ክፍሏ ትወጣለች። ምግቡ ሞልቷል፤ የሚበላው ሰው ነው የጠፋው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ነው ያደጉት።

አንድ ቀን እንደዚያ ምሳው ላይ አፍጥጠው እንደተቀመጡ እሜቴ መጥታ እግራቸው ላይ ቆመች። የዳቦ ፍርፋሪ ጣሉላት፤ በላች። እሳቸውም በሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሜቴ ድርሻዋን ሳያወጡ በልተው አያውቁም። መጀመሪያ ፍርፋሪ፣ ቀጥሎ ቁራሽ፣ አሁን ደግሞ ይኸው ቆሎ። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ይሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሀሌሉያ ፊት ሳሩን በእጃቸው ሲያቀርቡላትም «በሞቴ» ማለት አይቀርም፤ ልጅቷ ትስቅ ነበር፤ «ለሳር ብለህ ትሞታለህ?» እያለች።

ሁለቱ ሰዓት አለፈ። አንድም በጠጥ የለም።

ሀሌሉያ ለአባቷ ደወለች። ፊልጶስ ሥራውን ጥሎ ቢወጣም መንገድ ላይ አደጋ ነበርና ቤት ሲደርስ ሌላ አርባ ደቂቃ አልፏል። የሥራ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ፣ መኪናውን ሳያጠፋ ከደጅ ጠራቸው። አቶ ዳኘውም «እኔም እመጣለሁ» ብለው ከኋላ ከልጅቷ ጎን ገቡ። እሜቴ መሐላቸው መጓጓዣ ሳጥኗ ውስጥ በጎኗ ተኝታለች።

ሀሌሉያ ጣቷን በሳጥኑ ሽቦ አሾልካ ጆሮዋን ትደባብሳለች። ማልቀስ ጀምራለች።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች። «ትናንት ሳሩን አልቀየርኩም። ፎን ላይ ነበርኩ። ወይም ማሸቱን አልቻልኩበትም ይሆናል። ዳዲ፣ እኔ ነኝ አይደል?»

«ኧረ አይደለሽም ልጄ» አለ ፊልጶስ መንገዱን እያየ።

«እኔ ነኝ። ከኔ ሌላ የሚያያት የለም፤ እኔ ነኝ።»

 ጃጀ ይበሉኝ፣ ወደፈለጉበት ይውሰዱኝ፣ ይሄን ግን አልችለውም አሉ አቶ ዳኘው በልባቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሎውን በመዳፋቸው አወጡት።

«ያንቺ ጥፋት አይደለም። ይሄን ሰጥቻታለሁ።»

ልጅቷ መዳፋቸውን አየች። ወዲያው አልገባትም፤ ቀጥሎ ገባት።

«መቼ?»

«በምሳ ሰዓት።»

«ስንት?»

«አንድ እፍኝ።»

«ጠይቄህ ነበር» አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ስልኩን ይዤ ጠይቄህ ነበር። እውነቱን ብዬህ ነበር።»

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

ፊልጶስ በመስታወቱ አያቸው። «አባባ!» አለ። መኪናውን አፈጠነው። ሀሌሉያ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። አቶ ዳኘው ቆሎውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ እስኪደርሱ ድረስ በመዳፋቸው ጨብጠውት ሄዱ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ቆሎውን ከእጃቸው ተቀብላ በብርሃን አየችው፤ አልተቆጣቻቸውም። ራጅ አነሳችና አሳየቻቸው። ከሆዷ መውጫ ላይ ውኃ ጠጥቶ ያበጠ ነገር ተሰንቅሯል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በሙሉ አየር ነው። ማሸቱ ለዚህ አይሆንም ነበር። ቀዶ ጥገና መሞከር ይቻላል አለች፤ ግን ደክማለችና ብዙ ተስፋ አታድርጉ አለች። ፊልጶስ «ሞክሩላት» አለ። አዘጋጅተዋት ሳይጨርሱ እሜቴ አረፈች።

ሀሌሉያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ በእንግሊዝኛ ነው። ፊልጶስ ለአባቱ አልተረጎመላቸውም፤ እሳቸው ግን «ፎር ኦክሎክ» ስትል ሰምተዋል። ገና ከትምህርት ቤት እንደገባሁ ባመጣት ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ ማለቷ ነው። ሐኪሟ «ሜይቢ» አለች። ይቺን ቃል አቶ ዳኘው ያውቋታል፤ «ምናልባት» ማለት ናት።

ሰኞ ነበር ይሄ የሆነው። በዚያው ምሽት ከቤቱ ጀርባ ቀበሯት፤ ጉድጓዱን ፊልጶስ ቆፈረ፤ ሀሌሉያ ፎጣዋን አብራ ቀበረችላት። አቶ ዳኘው ቆመው አዩ፤ ልቅረብ ቢሉ ልጅቷ ፊቷን አዞረችባቸው።

የፈሩት አንዱም አልደረሰባቸውም። ማንም ጃጁ አላላቸውም። ስለ መዋያው የተነሳ ነገር የለም። ይባስ ብላ ፋናዬ ማታ ትከሻቸውን ያዝ አድርጋ «አባባ፣ ይተዉት፤ እርስዎ ከየት ያውቁታል» አለቻቸው። እያወቁ ነው የዋሹት፤ ደግነቷ ከስድብ የበለጠ አቃጠላቸው። ሀሌሉያ ከትምህርት ቤት ስትገባ «ሃይ» ብላ ደረጃውን ትወጣለች። ሽቦው ታጥፎ ተነስቷል። «ሳር ብቻ» የሚለውን ወረቀት ግን ማንም ደፍሮ አልነቀለውም።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ሀሌሉያ ውኃ ልትጠጣ ፍሪጁን ከፈተች። ከፍታ ቆመች። ሦስት ዕቃ፣ ሦስት ወረቀት፤ «አባባ፣ 2 ደቂቃ»፣ «አባባ፣ 2 ደቂቃ»፣ «አባባ፣ 2 ደቂቃ»። ፋናዬ ሰሞኑን ድርብ ፈረቃ ላይ ናት፤ የዛሬውን ከትናንቱ ፊት እያስቀመጠች ትሮጣለች፤ ልብ አላለችም።

«ምሳ በልተሃል?» አለች ሳትዞር።

«በል—» አሉ አቶ ዳኘው። በልቻለሁ ሊሉ ነበር፤ ቃሉ ምላሳቸው ላይ ደርሷል። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት ሄደ።

«አልበላሁም» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ ወዲህ። ማታ ማታ ከእናንተ ጋር ትንሽ እቀምሳለሁ።»

«ለምን ለማሚ አልነገርካትም? አሞህ ነው? ዝም ብለህ ትደብቃለህ?»

«ቀን ላይ አልወርድ አለኝ፣ ልጄ።»

ዞራ አየቻቸው። ከሰኞ ወዲህ ፊት ለፊት ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው። መብላት ያቆመ ፍጥረትን እንዴት እንደሚያዩት የምታውቅ ልጅ ናት፤ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

«ለምን ነበር የምትሰጣት? ነግሬህ እያለ። ለምን?»

አቶ ዳኘው እጃቸውን አዩ። «ብቻዬን መብላት አልቻልኩም» አሉ። «ሌላ ምክንያት የለኝም። በድዬሻለሁ፤ እሷንም በድያታለሁ።»

ሀሌሉያ ወደ ፍሪጁ ተመለሰች። የዛሬውን ዕቃ አወጣች፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተች፣ ሁለት ደቂቃ ሞላች። ሲጮህ አውጥታ አንድ ሳህን ላይ ገለበጠችውና መሐል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለች።

«ልክ ነሽ።»

«ቶሎ አይለቀኝም።»

«ግድ የለም፤ ተናደጂ።»

ቆርሳ ጎረሰች። እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሱም። ልጅቷ አኘከች፣ ዋጠች፣ ጠበቀቻቸው። ከዚያ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «በሞቴ» አለች፣ ከእሳቸው እንደሰማችው።

«አንቺ አትሙቺብኝ!» አሉ ደንግጠው፤ እንባቸው መጣ። ቆርሰው ጎረሱ። አስቸገራቸው፤ ዋጡት።

ግማሹን ያህል ሲበሉ ሀሌሉያ ተነስታ እጇን ታጠበች። ደረጃው ሥር ደርሳ ቆመች።

«ነገ በስድስት ሰዓት አትብላ» አለች። «እኔ ስመጣ።»

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ አቶ ዳኘው ፍሪጁን ከፈቱ። ዕቃው አለ፤ ወረቀቱ አለበት። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራባቸው፤ አንጀታቸው ጮኸ። ዕቃውን ነካ አደረጉት፤ መልሰው ተዉት። ፍሪጁን ዘግተው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና የልጅቷን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሊጠብቁ ተቀመጡ።