የጋሼ ዓይንና ትንሿ ማዞሪያ

አጎቴ ፎቶ አንሺ ነው። ጋሼ ነው የምለው፤ ሲያናድደኝ ግን በሆዴ ሌላ ስም አለው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ የኔ ሥራ መጥረግ፣ መጋረጃ መሳብ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ማሳቅና ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። ካሜራውን መንካት ክልክል ነው። እጅሽ አያርፍም ይለኛል። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመብራት ማቆሚያ ስለጣልኩ ነው። እሱም ቢሆን ራሱ ነው የወደቀው።

ካሜራው ዲጂታል ነው፤ ሌንሶቹ ግን እናቴን በዕድሜ ሳይበልጧት አይቀሩም። ጋሼ በፊልም ዘመን የገዛቸው ከባድ የብረት ሌንሶች ናቸው። መሀል ላይ ማገናኛ ቀለበት አስገብቶ ከአዲሱ ካሜራ ጋር አጋብቷቸዋል። የሌላ ሰው ሌንስ ቁልፉን ጫን ሲሉት ዝዝ ብሎ ራሱ ያጠራል። የጋሼ ሌንስ ዝዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ጋሼ ማያ ቀዳዳው ላይ ዓይኑን ለጥፎ፣ የሌንሱን አንገት በሁለት ጣቱ ቀስ እያደረገ ያዞርና ፊትየው ጥርት ሲልለት ቀጭ ያደርጋል። በዚህ አይጣል ነው ኩራቱ።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ፎቶ አንሺ አለ። በጠራራ ፀሐይ እንኳ መብራት ስለሚያበርቅ ፍላሽ እንለዋለን። ሌንስህን ለሙዚየም ስጠው ባለው ቁጥር ጋሼ፣ ላንተ ማሽን ያይልሃል፣ ለኔ ግን የማየው ራሴ ነኝ ብሎ ይመልስለታል። እንዲህ ሲነካከሱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ሳይሰዳደቡ የዋሉ ቀን ሁለቱንም ያማቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ግን ነገር ተበላሸ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው አንድም ደህና ፎቶ የላቸውም፤ ለዚህ ብለው ልጃቸው የሰፋችላቸውን አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል። ጋሼ አንገቱን አጣሞ፣ ሌንሱን ወዲህ ወዲያ እያዞረ በጣም ቆየ። እናትየው ፈገግ እንዳሉ ጉንጫቸው ዛለ። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው አንዱም አልጠራም። ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብላ አየች፣ ራቅ ብላ አየች።

"ምነው፣ እናቴን እንፋሎት አደረግሃት?" አለች።

እኔ ሳቄ ሲያመልጠኝ መጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ጋሼ ግን አልሳቀም። በማግስቱ አንድ ሹፌር ለመንጃ ፈቃድ ብሎ ፎቶ ተነሣ፤ እሱም ጭጋግ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ማፏጨት ተወ። ቀኑን ሙሉ የሚያፏጭ ሰው ዝም ሲል ቤቱ እንዴት እንደሚያስጠላ አትጠይቁኝ።

በአራተኛው ቀን ፍላሽን ጥሪልኝ አለኝ። ሊሰዳደቡ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ሮጬ ጠራሁት። ጋሼ ካሜራውንና ሌንሶቹን ከነቦርሳቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቀን።

"ውሰዳቸው" አለው። "አንተ ጋ ይሥሩ። ዓይኔ ሄዷል።"

ፍላሽ ቀልድ መስሎት ነበር፤ የጋሼን ፊት ሲያይ ግን ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በቀስታ ጠየቀው። ጋሼም ከሰኞ ወዲህ ፊት መለየት እንዳቃተው፣ ይባስ ብሎ ማያው ውስጥ ከምስሉ ሥር የሚታዩት ቁጥሮች ራሳቸው እንደደበዘዙበት ነገረው።

ቁጥሮቹ ሲል ጆሮዬ ጋለ። እነዚያን ቁጥሮች አውቃቸዋለሁ።

ጋሼ ምሳ በልቶ ጋደም ሲል እኔ ካሜራውን አወጣለሁ። ወንበሩን ፎቶ አነሣለሁ፣ የልብስ ሰፊዋን ድመት አነሣለሁ፣ ከዚያ ፎቶዎቹን አጥፍቼ ካሜራውን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። መጀመሪያ በማያው ሳይ ሁሉ ነገር ጭጋግ ነበር። ከማያው አጠገብ የምስር ፍሬ የምታክል ማዞሪያ አገኘሁ። ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው እሑድ እስከ መጨረሻዋ አዞርኳትና ቁጥሮቹ ቁልጭ አሉ። እንዲያውም ካሜራውን ጠገንኩለት ብዬ ኮርቼ ነበር።

ብናገር ከፎቶ ቤቱ መባረሬ ነው። ዝም ብል ጋሼ ዓይነ ስውር ነኝ ብሎ ቤቱ ሊቀመጥ ነው። ፍላሽ ቦርሳውን አንሥቶ፣ አንድ እግሩን ደጃፉ ላይ አድርሶ ነበር።

"ጋሼ፣ ዓይንህ ደህና ነው። እኔ ነኝ ያዞርኩት" አልኩ።

"ምኑን?"

"ማዞሪያዋን።"

"የምን ማዞሪያ?"

ለካ አያውቃትም፤ ማያውን በሚያየው ሰው ዓይን ልክ የምታጠራ ናት። የድሮ ካሜራው እንዲህ ዓይነት ነገር አልነበረውም፤ ይሄኛው ሲመጣ ደግሞ እንዳጋጣሚ በሱ ዓይን ልክ ነበረች። አሳየሁት። ዓይኑን ለጥፎ ቀስ እያለ አዞራት። መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። ካሜራውን ወደ ፍላሽ አዙሮ ሌንሱን በሁለት ጣቱ ትንሽ አንቀሳቀሰ። ከዚያ የፍላሽ ሸሚዝ ላይ ሦስተኛው ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር እንደተተከለ ተናገረ።

ፍላሽ ወደ ሸሚዙ አቀረቀረ። እውነት ነው። ሁለቱም ወንበር እስኪይዙ ሳቁ። ወዲያው ፍላሽ ስድቡን ቀጠለ፤ ስድስት ዓመት ይዘኸው ይሄን አታውቅም ወይ አለው። ጋሼ፣ አንተስ ታውቃት ነበር ሲለው ፍላሽ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

እኔ በዚህ መሀል ወደ በሩ እየተሳብኩ ነበር። ጋሼ ጠራኝ። እስከየት ነው ያዞርሻት አለኝ። እስከ ጫፍ አልኩት። ግንባሩ ተኮማተረ። በጣቱ ወደ ማዶ አመለከተ።

"የፍላሽን ሱቅ ጽሑፍ አንብቢልኝ እስቲ።"

"የቱን ጽሑፍ?"

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ለካ ማዶ በፍላሽ በር ላይ ያለው ቀይ መስመር መስመር አይደለም፣ ፊደል ነው፤ ያውም የአንድ ክንድ ቁመት ያለው ፊደል። እኔ ጌጥ መስሎኝ ስኖር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ረጅም ስለሆንኩ ኋላ ነበር የሚያስቀምጡኝ፤ ሰሌዳው ለኔ ግድግዳ ነበር። ሰነፍ ነሽ አሉኝ፣ እኔም አመንኳቸውና ትምህርቱን ተውኩት። ለካስ ሁሉም ሰው እንደኔ የሚያይ መስሎኝ ነው።

ጋሼ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ራሴን ዳበሰኝና ልታለቅሺ ነው ብሎ አሾፈብኝ። በማግስቱ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ መነጽር ቤት ወሰደኝ። መነጽሬን አድርጌ ስወጣ ዛፉ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ጠበቀኝ። ፍላሽ ፂሙን ቀለም እንደሚቀባም ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ነገርኩት፤ አልወደደልኝም።

የልብስ ሰፊዋን እናት እንደገና አስመጣናቸው። ጋሼ አነሣቸው፤ ፎቶው ላይ የቀሚሳቸው ክር ሳይቀር ይቆጠራል። እሳቸውን ከሸኘን በኋላ ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና ወንበሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ የሰው አገጭ የሚያስተካክል ሰውዬ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ጉልበቱ ላይ አደረገው፣ ኪሱ ከተተው፣ መልሶ አወጣው።

"ጋሼ፣ አትንቀሳቀስ። በተነቃነቅክ ቁጥር እንደ አዲስ ላዞር ነው።"

"እሺ።"

"አገጭህን ዝቅ። አይ፣ በዛ። ትንፋሽህንም ያዝ።"

"ትንፋሼን ለምን?"

ለምንም አይደለም፤ ደስ ስላለኝ ነው። የሌንሱን አንገት በሁለት ጣቴ ቀስ አድርጌ አዞርኩት። መጀመሪያ አፍንጫው ጠራ፣ ከዚያ ጉንጩ፣ ከዚያ ዓይኑ ሽፋሽፍት በሽፋሽፍት ብቅ አለ። ሳቁን አፍኖ ይንቀጠቀጣል። አልቸኮልኩም።