የትኛዋ አክስት?

የድንበር ኬላዬን መስኮት በአሮጌ ጋዜጣ እየወለወልኩ ነበር። መስታወቱ ከውስጥ ሲጠራ የውጭው አቧራ ይታያል፣ የውጭው ሲጠራ ደግሞ የውስጡ፤ ስለዚህ አንዴ ስወጣ አንዴ ስገባ ቆየሁ። ሌላ ቀን ቢሆን ግድ አይሰጠኝም። በዚያን ቀን ግን አክስቴ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ድልድዩ ላይ ብቅ ሲል በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። እናቴ ስትሞት እኔን አንስታ አሳደገች፣ አስተማረች፣ ለሥራ አበቃች፤ ከዚያ በኋላ ነው ለራሷ ያሰበችው። የማዶ ሰው አግብታ ድንበሩን ተሻገረች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ጉልበቷ ደክሟል፣ ደረጃ ትፈራለች። ኩራቷ ግን እንዳለ ነው። "አብረን እንኑር" እያልኩ ስለምናት፣ "እኔ የሰው ቤት ጥግ አልሞቅም" እያለች ስትመልስልኝ ኖርን። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ ለሁለት ቀን ልያችሁ" አለች፤ ያለሁት እኔ ብቻ ብሆንም። ከዚያም አስጠነቀቀችኝ።

"መንገዱ ከተሰናከለብኝ ምልክት ነው። ያኔ ደግመሽ አትለምኚኝ።"

አክስቴ ምልክት ካለች ምልክት ነው። ይግባኝ የለውም።

ጋዜጣውን ጨምድጄ ስጥል ሬዲዮው ተንሿሿ።

"ማዶ፣ ማዶ፣ ይሰማል?"

"ይሰማል፣ ማዶ።"

ከድልድዩ ወዲያ ያለውን የጎረቤት አገር ኬላ ኃላፊ "ማዶ" እለዋለሁ፤ እሱም እኔን "ማዶ" ይለኛል። ሁለታችንም ልክ ነን። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ አንዳችን ለስብሰባ ስንጠራ ሌላችን ኬላ እንጠብቃለን። ድምፁን ግን ከወንድሜ ድምፅ አብልጬ አውቀዋለሁ። ወንድም የለኝም እንጂ ቢኖረኝ ማለቴ ነው። ትሕትናው ልክ የለውም። እኔን "አንቺ" ማለት የጀመረው ስንት ለምኜው ነው። መንገድ ዘግታ የቆመች ፍየል እንኳ "እባክዎ ይለፉ" ሲላት በሬዲዮው ሰምቻለሁ።

ድሮ የሁለቱ ኬላ ሰዎች እንዲህ አልነበሩም። መርዛማ ቆሻሻ የጫነ መኪና ሲመጣ እነሱ ወደኛ ይገፉታል፣ እኛ ወደነሱ እንመልሰዋለን። መኪናው ሁለቱም በር ሲዘጋበት ገደሉ አፋፍ ላይ በርሜሉን አራግፎ ይሄዳል። ከሥር ያለው ወንዝ ግን ሁለቱንም ከተማ ነው የሚያጠጣው። ይህን ለመረዳት ብዙ ከብት ማለቅ ነበረበት። አሁን የአካባቢው አገሮች ተስማምተዋል፤ እንዲህ ያለ መኪና ከተገኘ አይመለስም፣ አያልፍም። ሁለቱም በር ይዘጋል፤ የሁለቱም ወገን ባለሙያዎች አብረው ይመጣሉ።

ሬዲዮ ደግሞ ጆሮው ብዙ ነው። ስለዚህ ከላይ ለእንዲህ ያለው መኪና የቁጥር መለያ ተላከልን፤ ማናችንም አልያዝነውም። "አክስት እንበለው" ያለው ማዶ ነው። "ሳትናገር ትመጣለች፣ የያዘችውን አታሳይም፣ ከመጣች አትሄድም።" ስቄ ተስማማሁ። የራሴ አክስት በዚያው በር ትመጣለች ብሎ ማን አሰበ?

"ማዶ፣ አክስት ደርሳለች" አለ።

ልቤ ዘለለ። "እሰይ! እንዴት ናት?"

"ደህና አትመስልም። ታንጠባጥባለች።"

"ሙቀቱ ነው። ቶሎ ያልባታል።"

"ሽታም አላት።"

"እሱ የጉልበቷ ቅባት ነው።"

"ማዶ፣ አፍንጫ ይቆርጣል እኮ።"

"ለኔ ነው የምትነግረኝ? እሱን እየሸተትኩ አይደል ያደግኩት!"

ጉሮሮውን ጠረገ። "እና ምን ላድርግ?"

"ምን ታደርጋለህ፣ አሳልፋት እንጂ። ፍተሻ ምናምን እያልክ እንዳታቆማት፣ ትቀየማለች።"

"ላሳልፋት? እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ግን መጀመሪያ ውሃ ስጣት።"

"ውሃ?"

"ቀዝቃዛ ውሃ። በብዛት።"

በሬዲዮው ውስጥ የከባድ መኪና ሞተር ይጉረመረማል። ከዚያ ማዶ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ተናገረ።

"በልምምዱ ጊዜ፣ 'የሚንጠባጠበውን ውሃ ካስነካኸው አለቅን' ብለሽ የጮኽሽብኝ አንቺ አይደለሽም?"

እጄ ላይ የጋዜጣ ቀለም ነበር። እሱን እያየሁ ቆምኩ። ደርሳለች። ታንጠባጥባለች። ሽታ አላት። ለፍየል "እባክዎ" የሚል ሰው ለአንዲት ባልቴት "ደርሳለች" ይላል? ይህን መስማት ነበረብኝ። ግን እኔ አክስቴን "አንቺ" እያልኩ ስላደግኩ ጆሮዬን አልጎረበጠውም።

"ማዶ፣ የትኛዋ አክስት ናት?"

"ባለ አሥር ጎማዋ።"

"አግድ! አታሳልፍ! ውሃ እንዳታስነካ!"

"ኧረ አጋጅ ብረቱን ግማሽ አንስቼዋለሁ!"

"መልሰው!"

ብረቱ ሲወርድ በሬዲዮ ሰማሁት። ከዚያ ትንፋሹን፣ ከዚያም የኔን ትንፋሽ።

"ሾፌሩ የሳሙና ጥሬ ዕቃ ነው ይላል" አለ ማዶ። "ራሱ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው።"

"የኔዋስ?"

"ከኋላው ባለው አውቶቡስ ውስጥ ናቸው። እንደነገርሽኝ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል።" ናቸው፣ ተቀምጠዋል። ይሄውልሽ ልዩነቱ አልኩ በልቤ።

በወለወልኩት መስታወት አየሁ። በድልድዩ ወዲያኛው ጫፍ ሸራ የለበሰ መኪና፣ ከኋላው የአውቶቡስ ግንባር። ማዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስሚ፣ ስለ ምልክት የነገርሽኝን አልረሳሁም። በሩን ከዘጋን አውቶቡሱ ወደ መጣበት ነው የሚመለሰው። ብረቱን አወረድኩ እንጂ በሩን ገና አልቆለፍኩም። በጥግ በኩል ላሳልፍልሽ እችላለሁ። አንድ አውቶቡስ ነው።"

ይህን ያለው ሕግ አክባሪው ማዶ ነው። ለኔ ሲል። ዓይኔ ሞላ። እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ጥጉ ጠባብ ነው። አውቶቡሱ በዚያ በሚንጠባጠብ መኪና ጎን ታክኮ ነው የሚያልፈው፣ ሰው እንደሞላ፣ በሙቀቱ መስኮቱን እንደከፈተ። እሱ ሲያልፍ ደግሞ ሌላው ይከተላል።

"ዝጋ" አልኩት።

"ማዶ..."

"ዝጋው፣ ወንድሜ። እኔም እየዘጋሁ ነው።"

የኔን አጋጅ አወረድኩ። ወዲያው ከኋላ የጥሩምባ ጩኸት ተነሳ። ለባለሙያዎቹ ደወልኩ፤ ማዶም ለራሳቸው ሰዎች ደወለ። የአሸዋ መኪና አስጠራሁ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ልቤ ግን አውቶቡሱ ዞሮ ሲሄድ፣ አክስቴም በመስኮቱ በኩል "አላልኩሽም?" ስትል ያይ ነበር።

ሬዲዮው ድንገት ጮኸ። "አንቺ!"

ማዶ አልነበረም፤ ሬዲዮውን ከእጁ የወሰደችው እሷ ናት። "አክስቴ..."

"መንገዱን የዘጋሽብኝ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"በገዛ እጅሽ?"

"በገዛ አፌ።"

ከንፈሯን መጠጠች። "ምልክት ነው ብዬሽ ነበር።"

"ብለሽኝ ነበር።"

"ይሄ ልጅ ደግሞ ምንድን ነው የሚያወራው? ያ የሚገማው መኪና 'አክስት' ነው የሚባለው?"

ከኋላዋ የማዶ ድምፅ ተሰማ። "እማማ፣ እኔ ለማለት የፈለግኩት... ማለት ብያለሁ፣ ግን በክፉ አይደለም..."

"አንተ ቆይ። አንቺስ? ሽታው የኔ ቅባት ነው ብለሻል አሉ።"

"ማን ነገረሽ?"

"እኔ ነኝ" አለ ማዶ፣ ከሩቅ፣ ሊቀበር እንደደረሰ ሰው። "ለምን ተዘጋ ብለው ጠየቁኝ። መዋሸት አልቻልኩም።"

"ይሰማሻል?" አለች አክስቴ። "አውቶቡሱ ሊመለስ ነው። እኔም ልመለስ ነበር፣ እግሬን አንስቼ። አሁን ግን ወዴትም አልሄድም። ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ሳልነግርሽ አልሄድም! አንተ ልጅ፣ ወንበር አምጣ።"

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። አውቶቡሱ ዞሮ ሄደ። አክስቴ ቀረች።

ባለሙያዎቹ ከሁለቱም ወገን መጡ፤ በነጩ መከላከያ ልብስ ውስጥ ማን የማን እንደሆነ አይለይም። ነፋሱን አይተው ከየት መቅረብ እንዳለባቸው ተነጋገሩ፣ አሸዋ ነሰነሱ፣ የተቀደደውን በርሜል በሌላ ትልቅ በርሜል ውስጥ ከተቱ። ሾፌሩንና ወረቀቱን ሁለቱም ወገን አብረው ተረከቡ። ወንዙ ጠብታ አልደረሰውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪናው ተጎትቶ ተነሳ፤ ለእግረኛም ተፈቀደ።

ወደ ድልድዩ መሐል ሄድኩ። የድንበሩ ቀለም የተሰመረው እዚያ ነው። ከወዲያ በኩል አክስቴ የአንድ ሰው ክንድ ይዛ ዝግ እያለች ትመጣለች። ሰውየው ቦርሳዋን በትከሻው ይዟል። መንገድ ላይ ማንገቻው ተበጠሰበትና ቦርሳውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቀፈው። ከድምፁ ተነስቼ ረጅም አድርጌ ስዬው ነበር። አጭር ነው፤ ጆሮው ትልልቅ፣ ፀጉሩ የሸበተ። አክስቴ "ልጅ" ያለችው ይህን ነው።

"ማዶ?" አለ።

"ማዶ" አልኩ።

በመስመሩ ላይ ተጨባበጥን፤ እጄን ቶሎ አልለቀቀውም። አክስቴ ከመስመሩ ላይ ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች።

"ሁለታችሁም ማዶ ከሆናችሁ፣ እኔ የት ነው ያለሁት?"

መልሳችንን ሳትጠብቅ ቀጠለች። "ከዛሬ ጀምሮ ያንን መኪና 'አማት' በሉት። ለአማት የሚቀየም የለም።"

ማዶ ደነገጠ። "እማማ፣ አማቴ እኔ ቤት ነው ያሉት። ሬዲዮ ይሰማሉ።"

ያኔ አክስቴ ሳቀች። ስትስቅ ክንዴን ያዘች፤ እስከ ቤት ድረስም አልለቀቀችውም።

ቤት ስንገባ ደረጃ አለመኖሩን አየች። አልጋውን በእጇ ተጫነችው። ከዚያ ተቀምጣ የምትነግረኝን ሁሉ ነገረችኝ፤ ስለ ስም፣ ስለ ቅባት፣ ስለ ዘመኑ ልጆች። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ሲያልቅባት ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

"ከኋላዬ አንዲት አራስ ተቀምጣ ነበር" አለች። "ሕፃኑ የመኪናው ሽታ ሲመጣ ማልቀስ ጀመረ።"

ከዚያ ክንዴን መታ መታ አደረገች።

መርፌና ወፍራም ክር አወጣሁ። ቦርሳዋን ወደኔ ሳብኩት። ማንገቻው ከሥሩ ነው የተነቀለው።

"እንዲህ ሞልቶ አይሰፋም፣ አክስቴ።"

ቦርሳውን አየች፣ እኔን አየች። ተነስታ የቁምሳጥኑን መሳቢያ ከፈተች። ቀሚሶቿን፣ ሹራቧን፣ የባሏን ፎቶ አንድ በአንድ እያወጣች በቦታ በቦታቸው አስቀመጠች። ስትጨርስ መሳቢያውን በጉልበቷ ገፋችው።

"ለስፌቱ ነው" አለች።

"ለስፌቱ ነው" አልኩ።

ማንገቻውን ደርቤ ሰፋሁት፣ ክሩን ቋጥሬ በጥርሴ በጠስኩት። ከዚያ ባዶውን ቦርሳ አጠፍኩና ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት።