ያልተነቃነቀው ጉብታ

ላቦራቶሪው ውስጥ «ቁጭ በይ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላት ተመራማሪ ነበረች፤ ያን ቀንማ ጭራሽ እግሯ አልረጋ አለ። ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌው አለቃዋ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሊናገሩ ነው። 

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌዘሩ የመዳቡን ዘንግ ሲመታው አቶሞቹ ተቧድነው አየር አልባው ቱቦ ውስጥ ይበራሉ፤ መንገዳቸው ላይ ጥቂት የኦክስጅን ጋዝ ይለቀቅባቸዋል፤ ማሽኑም እያንዳንዱን ቡድን መዝኖ ስክሪኑ ላይ እንደ ጉብታ ይስለዋል፤ የከበደው ወደ ቀኝ ይርቃል። ዘጠኝ ሆኖ የተቧደነ መዳብ ኦክስጅን በደጁ ቢያልፍ ዞር ብሎ አያይም፣ ይላል የሙያው ሰው ሁሉ። ጋሼ ብቻ «ይይዛል!» ብለው ሃያ ዓመት ተሳቀባቸው። «እሳቸውኮ ካፈርኩ አይመልሰኝ ናቸው» እየተባሉ ታሙ። ባለፈው ወር ታዲያ ጉብታው ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ዘጠኝ መዳብ፣ ከነኦክስጅኑ። ያገኘችውም እሷ ናት፤ ጋሼ ዛሬ የሚናገሩትም ስለዚሁ ነው።

ታዲያ ምን ያቅበጠብጣታል? ዘንጉ ነዋ! ላዩ ጠቋቁሮ አይታዋለች። ኦክስጅኑ ከጋዙ ሳይሆን ከዘንጉ ዝገት መጥቶ ቢሆንስ? ማጣራቱ ቀላል ነው፤ ከተራው የሚከብደውን ኦክስጅን መልቀቅ። መዳቡ በእርግጥ ከጋዙ ከያዘ፣ ክብደቱ በአራት ይጨምርና ጉብታው ወደ ቀኝ ይሄዳል።

መጋዘን ገብታ የከባዱን ኦክስጅን ሲሊንደር አገኘችው። ማሸጊያው አልተነካም። የተገዛው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው፤ ፊርማው የጋሼ ነው።

«ጋሼ፣ ልክፈተው?»

ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ። «ክፈቺው፣ ልጄ።»

ከፈተች። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ እንደገና ተቀመጠች። ጉብታው ንቅንቅ አላለም። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ!

«ሌላ ዘንግ ላስገባ፤ ምናልባት...»

«ተይው።»

«ይሄኮ አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ነበር! ለምን አልከፈቱትም?» ተናዳለች፤ ደግሞ አንጀቷን በሏት።

«ፈርቼ ነዋ» አሉ ጋሼ። «በየዓመቱ ዘንድሮስ እከፍተዋለሁ እል ነበር።»

ከሁለቱ በቀር ያየ የለም። ንግግሩ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ምንም እንዳልታየ ሲሊንደሩን መልሳ መዝጋት ትችል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ እጇም ወደዚያው ሄዶ ነበር።

«ይሄን ጉብታ በወረቀት አትሚልኝ» አሉ ጋሼ። «የማሳያቸው ይሄን ነው።»

ኮታቸውን ለበሱ። ቁልፎቹን እሷ ቆለፈችላቸው።