የሚዘላት መስመር

«ሲስተር፣ ወይ እሱን አርቂልኝ፣ ወይ እኔን ከዚህ አንሺኝ» አለ ሾፌሩ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ድምፁን አፍኖ።

ነርሷ የመጀመሪያውን መርፌ ክንዱ ውስጥ አስገብታ ሁለተኛውን ይዛ ነበር። ሊነሳ ሲሞክር በክርኗ ደረቱን ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ አይንቀሳቀሱ! ደም ሥሩን ያበላሹብኛል። ማንን ነው የማርቀው?»

በአገጩ አሳያት። አጠገቡ ወዳለው አራተኛ ወንበር አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ከተሽከርካሪ ወንበር ደግፈው እያዘዋወሩ ነበር። ሰውዬው ከስቷል፤ ኮቱ ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስላል። ቢሆንም ሾፌሩ ያንን ሰፊ ግንባር፣ ያንን ወደ ጎን ጠመም የሚል ከንፈር የትም ቢያየው አይስተውም።

«እሱ እዚህ ከተቀመጠ እኔ አልታጠብም።»

«ያለኝ ስድስት የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ነው። ወንበር መምረጥ ካማረዎ ሲኒማ ቤት ይሂዱ» አለችና ሁለተኛውን መርፌ ሰካችው። «ዛሬ ካልታጠቡ ደግሞ ከነገ ወዲያ ሳንባዎ ውኃ ሞልቶ በቃሬዛ ነው የሚያመጡልኝ።»

እውነቷን ነው። ሾፌሩ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ አራት አራት ሰዓት ይቀመጣል። ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ደሙ በአንዱ ቱቦ ይወጣል፣ ማሽኑ ያጣራዋል፣ በሌላው ይመለሳል። በቀን የሚፈቀድለት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ነው። የሌሎቹ በሽተኞች ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ እግራቸውን ያሻል፣ ጋዜጣ ያነብላቸዋል፣ ትራሳቸውን ያስተካክላል። እሱ ማንም የለውም። ሚስቱ ሞታለች። አንድ ልጁ የእስረኛ ልጅ መባሉ አልዋጥለት ብሎ ከራቀ ቆይቷል። ለሾፌሩ የቀረው ጸሎቱ ብቻ ነው።

መጸለይ የተማረው እስር ቤት ነው። ያስተማረውም አጠገቡ ይተኛ የነበረ አንድ ነፍሰ ገዳይ ነው። «በአባታችን ሆይ ጀምር፤ ሌላው ራሱ ይመጣል» አለው። ጀመረ። ከዚያ በፊት እግዚአብሔርን የሚያስታውሰው ጎማ ሲፈነዳበት ብቻ ነበር። አሁን ግን ማሽኑ ሲያንጫርር፣ ጥሙ ጉሮሮውን ሲያንገበግበው፣ ዓይኑን ይጨፍንና ያነበንባል፤ ደረቱ ላይ የተጫነው ይቀልለታል። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ባይኖርም አራቱን ሰዓት ብቻውን እንደማያሳልፍ ያምናል። በዚህ እምነቱ የሚቀልድ ሰው ቢያገኝ ይማታ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አለ። የይቅርታዋ መስመር ላይ ሲደርስ ይዘላታል። የዕለት ጉርሱን ይለምንና ተንደርድሮ ወደ ፈተናው ይሻገራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘሏታል። እግዚአብሔርም ምንም አላለውም፤ ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጥሮታል።

የሚዘላት በዚህ ሰውዬ ምክንያት ነው።

ሰውዬው አውቶቡስ ጋራዡ ውስጥ የስምሪት ኃላፊ ነበር። የትኛው መኪና የት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ስለሆነ ሁሉም «ስምሪት» እያሉ ነው የሚጠሩት። ሾፌሩን ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ «ኤሊ» የሚል ስም ያወጣለት ራሱ ስምሪት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ኤሊ የብልሽት መዝገቡ ላይ ፍሬኑ እንደሚላላ ጽፎ ፈረመ። ስምሪት አነበበና «ሕዝቡ ተሰልፎ እያየህ ምን ታላዝናለህ፤ ውጣ!» አለው። ወጣ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ፤ አውቶቡሱ ከግንብ ጋር ተላተመ፤ ሁለት ተሳፋሪ ሞተ። መዝገቡ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ያቺ ገጽ የለችም። ስምሪት ደግሞ ቆሞ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ «የተመዘገበ ብልሽት አልነበረም። ሲበር ነው የተጋጨው» ብሎ መሰከረ።

ኤሊ ሲበር! ጋራዡ ሁሉ ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ አፉን የከፈተ ግን አንድም አልነበረም። አምስት ዓመት ተፈረደበት። በሁለተኛው ዓመት ሚስቱ ሞተች። የነገሩት ከተቀበረች በስምንተኛው ቀን ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ነው አሁን በክንድ ርቀት ላይ የተቀመጠው። ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ለመጸለይ ሞከረ። የመጀመሪያዋን ቃል እንኳ ማውጣት አቃተው። ሥራዬን ወሰደ፣ ሚስቴን ሳልሸኛት አስቀረብኝ፤ የቀረችኝን ይህችን ጸሎትም ሊወስድ መጣ ብሎ አሰበ።

«እዚህ አጠገቤ ሰው አለ?» አለ ስምሪት ወደ ማንም ሳይዞር።

ሾፌሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«አለ፣ ጋሼ። ዛሬ አኩርፎ ነው እንጂ ሰውስ አለ» አለች ነርሷ። ወደ ሾፌሩ ጎንበስ ብላ፣ «ስኳር ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። የመጀመሪያ ቀናቸው ነው፤ አይዞዎት ቢሏቸው ምን ይጎዳዎታል?» አለችው።

እሰይ አለ ሾፌሩ በልቡ። እሰይ በማለቱም አላፈረም። ስምሪት የወንበሩን እጀታ ጨምድዶ ይዟል። መርፌው ሲገባ እንደ ሕፃን ቃተተ። «ደሜ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። ሾፌሩ ሊመልስለት ይችል ነበር፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አልመለሰለትም። እያየ ተደሰተ።

ግን ደስታው አልቆየም። አንድ ሰዓት እንዳለፈ ማሽኑ ማንጫረር ሲጀምር፣ ከልማድ የተነሳ ከንፈሩ ራሱ ተንቀሳቀሰና ማነብነብ ጀመረ።

«ጸሎት ነው?» አለ ስምሪት። «ወንድሜ፣ እባክዎ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ። እከተልዎታለሁ። ፈርቻለሁ፤ እኔም ሰው የለኝም።»

ሾፌሩ ሊያቆም አሰበ። ግን ካቆመ ሰውዬው ጸሎቱን አስቆመው ማለት ነው። ይህንንማ አያደርግም! በእልህ ድምፁን ከፍ አደረገ። እስር ቤቱና ሕመሙ ድምፁን አሻክረውታል፤ አያውቀኝም ብሎ ተማመነ። ስምሪት አንድ አንድ ቃል ወደ ኋላ እየቀረ ተከተለው። እንዲህ እያሉ የዕለት ጉርሱ ላይ ደረሱ። ሾፌሩ እንደ ልማዱ ተሻገረ። ስምሪት ግን አልተሻገረም።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አንዷን ዘለሏት።»

ሾፌሩ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ፈተናው ቀጠለ።

«የይቅርታዋን። ምናልባት ተረስታዎት…»

«አልረሳኋትም።»

«እንግዲያው?»

«አውቄ ነው የዘለልኳት። ዘጠኝ ዓመት ዘልያታለሁ። በማን ምክንያት እንደሆነ ታውቃለህ? ባንተ!»

የስምሪት ፊት ቀስ እያለ ወደ ድምፁ ዞረ። ጥቁሩ መነጽር ሾፌሩን አልፎ ግድግዳውን ያያል።

«ኤሊ?»

«አዎ፣ ኤሊ! ሲበር የተጋጨው ኤሊ!»

«ኤሊ… ሚስትህን ሰምቻለሁ…»

«እሷን በአፍህ እንዳታነሳት!» ክንዱን ሲያነሳ ቱቦው ታጠፈና ማሽኑ ጮኸ። ነርሷ ሮጣ መጣች።

«ምንድን ነው ይሄ? ሊሞቱብኝ ነው?» ቱቦውን አቃናች፣ ማሽኑን ዝም አሰኘች፣ ሁለቱንም በተራ ገላመጠች። «ጠብ ካማራችሁ መርፌው ሲወጣላችሁ ውጭ ወጥታችሁ ተደባደቡ። እዚህ ክፍል ውስጥ የማስታጥበው እንጂ የምገላግለው ሰው የለኝም!»

ነርሷ ወደ ሌላው ማሽን ሄደች።

«ገጿን የት አደረስካት?» አለ ሾፌሩ።

«ሽንት ቤት ጣልኳት። አልሄድ ብላኝ ሁለት ጊዜ ውኃ ለቀቅኩባት።»

«ለምን?»

«ውጣ ያልኩህ እኔ ነኛ። ገጿ ከተገኘች የምገባው እኔ ነበርኩ። ፈራሁ። ከዚህ የተለየ ምክንያት የለኝም።»

ሾፌሩ ይህን ቀን ዘጠኝ ዓመት ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሯል። ሰውዬው ሲክድ የሚለውን አዘጋጅቷል። ታዝዤ ነው ሲል የሚለውንም፣ ሲያለቅስ የሚለውንም አዘጋጅቷል። እንዲህ ብሎ ያምናል ብሎ ግን አላሰበም ነበር፤ ይህም የበለጠ አናደደው።

«አሁን ይቅር በለኝ ልትለኝ ነው?»

«አልልህም። በምን ፊቴ?»

«ታዲያ ያቺን መስመር ምን ቆርጦህ ትላታለህ? ደግሞ ብሎ ብሎ ዘለልክ ይለኛል!»

ስምሪት ከንፈሩን አላወሰ። «ከጸሎቱ ሁሉ እኔ የምፈልገው እሷን ብቻ ነው» አለ። «ሌላውን የምለው እሷ ጋ ለመድረስ ነው።»

ሾፌሩ ፊቱን አዞረ።

በሦስተኛው ሰዓት ባቱን ያዘው። ውኃ ከሰውነቱ ሲወጣ ጡንቻው እንዲህ ይጨመደዳል። ሰው ያላቸው ወዲያው እግራቸውን ይገፉላቸዋል። እሱ ጥርሱን ነክሶ መቻል ነው ያለው። የዛሬው ግን የከፋ ነበር፤ ትንፋሹ ተቆረጠ፤ ነርሷን ሊጠራ አፉን ቢከፍት ድምፅ እምቢ አለው። ነርሷ ጀርባዋን ሰጥታ ስድስተኛው ወንበር ላይ ያለውን ሰው የደም ግፊት ትለካለች።

«ምን ሆንክ? ኤሊ? እግርህ ነው?» አለ ስምሪት። መልስ ሲያጣ ቀና አለና ጮኸ፤ «ሲስተር! ሦስተኛ ወንበር! አሁኑኑ!»

ያ የጋራዡ ድምፅ ነው። አርባ አውቶቡስ ሲያስነሳ የኖረው፣ «ውጣ!» ያለው ድምፅ ነው። ነርሷ የያዘችውን ጥላ ሮጠች። የእግሩን መዳፍ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ገፋችለት፤ ጨው ያለው ፈሳሽ ጨመረችለት። ባቱ ቀስ በቀስ ተፈታ። ሾፌሩ ስምሪትን አላመሰገነውም። ያንን ድምፅ ይጠላዋል፤ አሁን ደግሞ ስለረዳው ጨምሮ ጠላው።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የሚስቱ ፎቶግራፍ። እንደ ሁልጊዜው ጸሎቱን ጀመረ። የይቅርታዋ ቦታ ሲደርስ ሊዘል አሰበና ቀጥ አለ። ዘጠኝ ዓመት ያለ ችግር የተሻገራት ቦታ ናት፤ አሁን ግን «ዘለሏት» የሚለው ድምፅ ጆሮው ላይ ቀርቷል። ወደ ፊት መሄድ አልቻለም፤ መስመሯን ማለትም አልቻለም። እንደገና ጀመረ፤ እዚያው ላይ ቆመ።

«ስድስት ወንበር እያለህ!» አለ ጮክ ብሎ፣ ወደ ጣሪያው እያየ። «ስድስት ወንበር እያለህ እሱን አምጥተህ እኔ አጠገብ? ምን አደረግኩህ? ይህችው ነበረች እኮ ያለችኝ!»

መልስ አልመጣም። እንደ ወትሮው ዝም አለው። ሾፌሩ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታው ስምምነት አልመስል አለው። መልሱን የሚጠብቅ ሰው ፊት እንደ ቆመ ሰው ጨነቀው። ማክሰኞን ሙሉ ሳይጸልይ ዋለ፤ ቤቱ ሰፍቶ ሰፍቶ ሊውጠው ደረሰ። ከእስር ቤት በኋላ እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ነርሷ በር ላይ ፈገግ ብላ ጠበቀችው።

«ደስ ይበልዎ! ስድስተኛው ወንበር፣ መስኮቱ ጋ ያለው፣ ተለቋል። ሰውዬው ወደ ከሰዓቱ ፈረቃ ተዛወረ። ስንቱ እየለመነኝ ለእርስዎ ነው ያስቀረሁት።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ። ተባረኪ።»

ተመዘነ። ወደ ስድስተኛው ወንበር ሄደና ቦርሳውን አስቀመጠ። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ መንገዱ ላይ የሚያልፈውን ሰውና መኪና ሁሉ ያሳያል። ከሰኞ ጀምሮ የፈለገውን አገኘ። ትራሱን አስተካክሎ ሊቀመጥ ሲል ስምሪትን አየው፤ አራተኛው ወንበር ላይ እጀታውን ጨምድዶ ወደ ባዶው ሦስተኛ ወንበር ዞሯል።

«እዚህ ሰው አለ?» ይላል።

ማንም አልመለሰለትም። ነርሷ መርፌ እያዘጋጀች ነው፤ ሌላው ሁሉ ከራሱ ሰው ጋር ነው።

«እዚህ ሰው አለ?» አለ እንደገና፣ አሁን ዝቅ አድርጎ።

ሾፌሩ ጥያቄውን ያውቀዋል። እስር ቤት በገባ ጊዜ፣ በኋላም ሚስቱ መሞቷን የነገሩት ዕለት፣ እሱም እንዲሁ ብሎ ጠይቋል። ያኔ «አለሁ» ያለው ያ ነፍሰ ገዳይ ነው።

«የት አባቱ!» ብሎ ተራገመ። ቦርሳውን አነሳ።

«ኧረ አባባ፣ ወዴት ነው?» አለች ነርሷ።

ሄዶ ሦስተኛው ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

«አለ» አለ።

ስምሪት ደነገጠ። ድምፁን ለይቶታል።

«ዝም ብለህ ስማኝ። ይቅር አላልኩህም። ሰኞ አላልኩህም፣ ዛሬም አላልኩህም።»

«ገብቶኛል።»

«ጸሎቱን እኔ እጀምራለሁ። ያቺ ቦታ ስደርስ እቆማለሁ። አንተ በላት። ስትጨርስ እቀጥላለሁ።»

«አንተስ?»

«እኔ ገና ነኝ» አለ ሾፌሩ።

ክንዱን ለነርሷ ዘረጋ። ሁለተኛው መርፌ እስኪገባ ጠበቀና አራተኛው ወንበር ድረስ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ።