የሐጂ ኸሚስ ማዞሪያ

ሐጂ ኸሚስ አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዛሬ አቃቂ በሰቃ ቤታቸው፣ የልጅ ልጃቸው ዩምና በገዛ እጇ ከሠራችው የሙዚቃ መሣሪያ ፊት ተቀምጠዋል። መሣሪያው ማይክ ሲሰካበት የገባለትን ድምፅ አሳምሮና አብዝቶ ያወጣል። ነገ የዩምና እህት የኢንቲሳር ሠርግ ነው፤ የአያቷ መንዙማ በዚህ መሣሪያ እንዲሰማላት ሙሽራዋ ራሷ ለምናለች።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ስንኝ ለቀቁ። ድምፃቸው ከስፒከሩ ተቀዳዶ እየተንጫረረ ወጣ፤ መሣሪያው ላይ ያለችው ቀይ መብራትም በራች።

«አልወደደኝም። ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

«ኧረ አባባ፣ ድምፅዎ በዝቶበት እኮ ነው! የሚገባውን በዚህች ማዞሪያ እንቀንሰዋለን።»

ዩምና ከመቸኮሏ የተነሳ እስከ መጨረሻው ቀነሰችው። ሐጂ ደግመው ቢያዜሙ መሣሪያው ጭራሽ ዝም አለ።

አሁን ሳቃቸው መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ፍሪሲዮን እንዲህ በአንዴ ይለቀቃል እንዴ? ሞተሩ ይጠፋብሻል! በይ እጅሽን አንሺ።»

ማዞሪያዋን ራሳቸው ያዙ። እያዜሙ፣ እንደ ድሮው ጆሯቸውን ለሞተሩ ሰጥተው፣ ቀስ እያሉ ከፍ አደረጉ። ቀይዋ ብልጭ ስትል ትንሽ መለሱ። ያኔ አሥር ተቀባይ ከኋላቸው የቆመ ይመስል፣ ቤቱ በድምፃቸው ሞላ። ዩምና እየዘለለች አጨበጨበች።

«አባባ፣ ለነገ ማዞሪያዋ የቆመችበት ቦታ ላይ ምልክት ላድርግ?»

«የምን ምልክት? ነገም የምይዛት እኔው ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ መሪ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም!»