የእሜቴ ምሳ

ጡረታ የወጣው ሹፌር በሁለት ነገር አይቀልድም ነበር፤ በሚስቱና በመኪናው። ሚስቱ ታዲያ፣ "መኪናዋን አስቀድመህ ጥራ፤ ሰው ፊት አትዋሽ" ትለዋለች።

መኪናዋ እሜቴ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ ሳይለማመጧት አትነሳማ። አንድ ቀን ሞተሯ ነክሶ አልዞር አለና ልምምጥም አልመልሳት አለ። መካኒኩ "ነፍስ ይማር" ብሎ እጁን ጠረገ።

ሹፌሩ ለራሱ አልነበረም ያዘነው፤ እሱስ እግር አለው። ታላቅ እህቱ ግን ዳገቱ አናት ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ እሁድ እሁድ ለምሳ የሚያወርዳት እሜቴ ነበረች። "በሰው መኪናማ ሞቼም አልወርድ" ብላ በረንዳዋ ላይ ቀረች።

አንድ አሮጌ ብረታ ብረት ገዢ እሜቴን ሊወስድ የመጣ ዕለት፣ ኤሌክትሪክ ያጠናችው ዝምተኛዋ የሹፌሩ ልጅ ጫማዋን እያየች፣ "አባዬ፣ ለእኔ ተዋት" አለች።

"ምን ልታደርጊያት?"

"በፀሐይ ላስኬዳት።"

እናት ሳቀች። አባት አልሳቀም። ገዢውን፣ "ከሦስት ወር በኋላ እሁድ ተመለስ። ዳገቱን ወጥታ እህቴን ካላመጣችልኝ ያንተ ናት" አለው።

ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ቱታዋን ለብሳ እሜቴ ሆድ ውስጥ መግባት ልማዷ ሆነ። የነከሰውን ሞተር አወጣች፤ በቦታው ከአሮጌ የመጋዘን ዕቃ ማንሻ የተፈታ የኤሌክትሪክ ሞተር አሰረች። ባትሪዎቹን ኋላ ደረደረች፤ ጣራዋን በፀሐይ ሰሌዳ አለበሰች። የመጨረሻው ሳምንት ሲገባ መኪናዋን ግቢው መሀል አቁማ፣ "የቀረውን ፀሐይዋ ትጨርሰዋለች" አለች።

ፀሐይዋ ግን አልጨረሰችውም። ልጅቷ ማታ ማታ ስትመለስ የባትሪው መለኪያ መርፌ ታች ነው። ሽቦ በሽቦ ፈተሸች፤ እህል አስጠላት። ሐሙስ ማታ፣ "አባዬ፣ ሳልችል ነው መሰለኝ ቃል የገባሁት" አለች።

 አባት ስለ ሽቦ አያውቅ፣ በምን ያግዛት? ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረና የሚያውቃትን አንዲት ነገር አጥብቆ ሊሠራ ወሰነ።

ዓርብ ቀትር ላይ ሥራውን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ልጁ የረሳችውን መሣሪያ ልትወስድ በሩን ከፍታ ገባችና ደርቃ ቀረች። ግቢው መሀል ያለው መኪና ሳይሆን ትልቅ ጥቅል ነው። እሜቴ ከጣራ እስከ ጎማ በድርብ ሸራ ተሸፍናለች፤ እሱ ጫፉን በሲባጎ ይጠፍራል።

"አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?"

"ፀሐይ እንዳይመታት ነዋ! ይሄን ሁሉ ዘመን ቀለሟ ያልለቀቀው በምን መሰለሽ? አሁን ደግሞ መስታወት ተሸክማለች፤ ቢሰነጠቅብሽስ?"

"በየቀኑ... ትሸፍናታለህ?"

"በየቀኑ። ሸራው በጤዛ እንዳይበሰብስ ደግሞ አመሻሽ ላይ አነሳዋለሁ።"

ልጅቷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብሎ ሮጠ። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከልለው ልጅ፣ እጇን ረስታ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ያኔ ገባው። ሲባጎውን ጣለና መዳፉን ገልብጦ አየው።

"እኔማ አውቃለሁ" አለ፤ "እጄ ነው ያልተነገረው።"

ሚስቱ በሳሙና እጇ ብቅ ብላ ነገሩን ስትሰማ፣ "አንተ ሰውዬ፣ የእንግዳ አፍ አስረህ 'ብላ' ትላለህ?" አለችው።

ቅዳሜን ሳይቀመጥ ዋለ። የአጥሩ ጥላ በቀረበ ቁጥር እሜቴን እየገፋ ከፀሐይዋ ጋር ዞረ። "የሱፍ አበባ ነው እንዴ ያገባሁት?" አለች ሚስቱ።

እሁድ ብረታ ብረት ገዢው መጎተቻ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። መርፌው ግማሽ ላይ ነበር።

"ግባ" አለው ሹፌሩ፤ "ካቃታት እዚያው ትረከባታለህ።"

ልጅቷ ከፊት ተቀመጠች፤ ጣቶቿን ቆልፋለች። እሜቴ ያለ ድምፅ ተነሳች። ቀድሞ ስታስል፣ ስታጨስ የምትወጣው ጠመዝማዛ ጋ ሲደርሱ ግን ቀዘቀዘች። ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ሰላም ብላቸው አለፈቻቸው።

"እሜቴ፣ አታሳፍሪኝ" አለ ሹፌሩ በሹክሹክታ።

"ጋሼ፣ ልውረድላትና ይቅለላት" አለ ገዢው። ወርዶም ጎን ለጎን እየተራመደ፣ ገመዱን እንዳንጠለጠለ፣ "አይዞሽ እሜቴ! ትንሽ ቀረሽ!" ይላት ጀመር።

ደረሱ። እህትየው ጡሩንባ ሲነፋ ነው የወጣችው።

"የሞተር ድምፅ አልሰማሁ፤ ማን ገፍቶ አመጣችሁ?"

"ይቺ ልጅ" አለ ሹፌሩ ወደ ልጁ እያመለከተ። ልጅቷ ጫማዋን አየች፤ ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

ቁልቁለቱን እየሳቁ ወረዱ። ገዢው ባዶ እጁን አልሄደም፤ የነከሰውን ሞተር ተሸለመ። እህትየው ግቢው መሀል እሜቴን ተደግፋ ትልቁን ጃንጥላዋን ዘረጋች። ሹፌሩ ከቤት ሮጦ ወጣ።

"እትዬ፣ ጃንጥላሽን ፈቀቅ አድርጊ! ምሳዋን ጋረድሽባት እኮ!"